ጎርፉ የተፋው ጥርስ

መርዶው የደረሰኝ ሰኞ ጠዋት ነው። ውዳሴ ማርያሜን ጨርሼ ዳዊቴን ልገልጥ ስል ግቢያችን ጭቃ ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። በእኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት ከቤቱ የሚወጣ ሰው የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝምበት ለመድረስ ይሮጣል፣ ይንሸራተታል፣ ጭቃውን ይራገማል። ይህ እግር ግን አይቸኩልም። አንዱ ሌላውን እያስቀደመ፣ ማንም በሩ ላይ ቀድሞ መድረስ ሳይፈልግ የሚመጣ እግር ነበር። አውቀዋለሁ። እኔም ከእነዚሁ ሰዎች ጋር በስንት ሰው ደጅ እንዲህ ተራምጄ ቆሜአለሁ።

ከፈትኩ። ከፊት የእድራችን ዳኛ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ብቻ ብሎ የሚጠራቸው ጡረተኛ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከኋላቸው የእድሩ ወንዶች፣ ከእነሱ ኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች። ትናንት እነዚሁ ሴቶች ከእኔ ጋር ሲያጨበጭቡ ውለዋል። የአንዷ ጥፍር ላይ ለድግሱ የተቀባችው ቀለም ገና አልለቀቀም።

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው አንድ መርዶ ሁልጊዜ ይጠብቃል። እኔም የምጠብቀው እሱን ነበርና «እናቴ ናት?» አልኩ።

«እናትሽ ደህና ናቸው» አሉ ጋሼ። «ወንድምሽን ነው። ውኃ ወሰደው።»

ጮኼ ይሆናል፤ አላስታውስም። የማስታውሰው «መቼ?» ብዬ መጠየቄን ነው። ሁሉም ጭቃውን ያያሉ። ከዚያ ከወደ ኋላ እማማ፣ ሰፈሩ ቤት ሳይሆን የጤፍ ማሳ በነበረበት ጊዜ እዚሁ ሲያርሱ ከኖሩት ቤተሰቦች የቀሩት አሮጊት፣ «ከክርስትናው በፊት ነው፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። ጋሼ ዞር ብለው በዓይናቸው ገረፏቸው።

እንባዬ ከመምጣቱ በፊት ያ ቃል ገባኝ። ትናንት የጋሼን የልጅ ልጅ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሕፃኗን አቅፌ ስዞር፣ እልል ስል፣ ጠጅ ቅመሺ ተብዬ እየሳቅሁ እምቢ ስል ወንድሜ ሞቶ ነበር። ደጄ ላይ ከቆሙት መካከል ይህን ሳያውቅ ከእኔ ጋር የበላ አልነበረም።

የእኔና የዚህ ሰፈር ነገር የጀመረው ከወንዙ ነው። እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ልጅ በእግሩ መሄድ ከቻለ ማለዳ ወደ ዳር ወርዶ ሐይቁ በሌሊት ያወጣውን ያያል። ታንኳ የሚሠራበት የተቆረጠ ደንገል፣ የዓሣ አጥንት፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የየት አገር እንደሆነ የማይታወቅ ግንድ። የሚነደውን ከማይነደው፣ ቤት የሚገባውን ከማይገባው ለይተን እናመጣለን። እናቴ በር ላይ ቆማ ትቀበለናለች፤ ርኩስ ያለችውን ከእጃችን ነጥቃ መልሳ ትወረውራለች።

ኑሮ ወደ አዲስ አበባ አምጥቶኝ ለቡ መብራት ኃይል አለፍ ብሎ ወንዙ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የቤተ ክርስቲያን አልባሳት እሰፋለሁ። ከቤቴ ጀርባ የሚወርደው ውኃ በበጋ ውኃ አይባልም፤ ሽታ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ከጀሞ በኩል ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ይመጣል፤ ሲያባራ ደግሞ የጠረገውን ዳርና ዳር ላይ አስጥቶ ይሄዳል። እኔም ልማዴ ነውና ከኪዳን መልስ ጫማዬን አውልቄ እወርዳለሁ።

መጀመሪያ ብቻዬን ነበርኩ። ሴቶቹ ከላይ ሆነው ይሥቁብኛል። «የጣናዋ፣ ዛሬስ ምን አጠመድሽ?» ይሉኛል። የላስቲክ አሻንጉሊት እጅ ያገኘሁ ቀን «ኑ እዩ፣ የዓሣ ክንፍ ነው ያገኘችው» ተባባሉ። ቆይተው ግን እነሱም መውረድ ጀመሩ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ የሰው ቤት ያጣውን እቃ ማየት ያስደስታል። አንድ እግር ጫማ፣ ክዳን የሌለው ብረት ድስት፣ የጀሪካን ግማሽ፣ ያልተከፈተ የዘይት ጠርሙስ። ድልድዩ አጠገብ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እናስቀምጣለን፤ የእኔ ነው የሚል ይወስዳል፤ ምን እንደሆነ ያልታወቀውን ደግሞ ወደ እኔ ያቀርቡታል።

መለየቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ መታገሥ ይጠይቃል እንጂ። ቀንድ ጫፉን በእሳት ስትነኪው የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። አጥንት የተሰበረበት ቦታ ላይ ወንፊት የመሰለ ነገር አለው። የበግ መንጋጋ ጥርሱ ከላይ እንደ ወፍጮ ነው፤ የውሻ ሹል ነው፤ ሕፃን እንኳ አንዴ ካየው አይስተውም። ያ ዝንጉርጉር ፍሬ ጉሎ ነው፣ ያምራል ብለሽ ለልጅ አትስጪ። ጥቁሩና እንደ መስታወት የሚያበራው የጠርሙስ ስባሪ አይደለም፣ ባልጩት ነው፤ ጠርሙስ ከሆነ ፀሐይ ላይ ስታነሺው ዳር ዳሩ አረንጓዴ ወይም ቡና ዓይነት ይሆናል። አንድ ቀን ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ አምጥተው ሰጡኝ። ባልዲ ውስጥ ስጥለው ተንሳፈፈ። ሁለቱ አማተቡ። የእሳተ ገሞራ አረፋ ነው፣ ተረከዝ ይፍቃል አልኳቸው፤ ከዚያ በኋላ እሱን የማይለቅም አልነበረም።

ደስ ያላላቸውም ነበሩ። አንዲት ጎረቤቴ ከጭቃው ውስጥ ነጭ ቀለበት አውጥታ «የዝሆን ጥርስ አምባር ነው፣ የድሮ መኳንንት ዕቃ ነው» እያለች ሦስት ግቢ አዞረችው። ወደ እኔ ሲመጣ መርፌዬን ሻማ ላይ አግዬ ነካሁት፤ መርፌው ገባ፣ ጭስም ወጣ። የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ነበር። ሌሎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። እሷ ግን «ባህር ማዶ የተማርሽ ይመስል» ብላኝ ያን ክረምት ሙሉ ሰላምታ ነፈገችኝ። ይህ ሰፈር እንዲህ ነው። ሣቁ ሩቅ አይደለም፤ የሚሣቅበት ሰው ማን እንደሆነ ብቻ ነው የሚለዋወጠው።

ታናሽ ወንድሜ ከአገር የመጣው ከእኔ በኋላ ነው። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ነገሩ ግን የዝምታ ነው። ከጀሞ ወረድ ብሎ ወንዙ አፋፍ ላይ የሚሠራ ሕንፃ ነበር፤ እዚያ የማታ ዘበኛ ሆነ። ዘበኞቹ ሁለት ናቸው። የቀኑ ዘበኛ የእድራችን አባል ነው፤ ከእኔ ቤት አራት በር ዝቅ ብሎ ይኖራል። ወንድሜ የሚያድረው አፋፉ ላይ በተሠራች ቆርቆሮ ቤት ሲሆን እሑድ እሑድ ወደ እኔ ይመጣል። እኔን ይፈራኝ ነበር። ጾም ገደፍክ፣ ቅዳሴ አረፈድክ፣ ይህን ሰው ለምን ተጠጋህ እያልኩ እናቴ ያልተቆጣችውን ሁሉ እቆጣው ነበርና ብዙ ነገሩን አያሳየኝም።

በክርስትናው ሳምንት ለሁለት ሌሊት ያለማቋረጥ ዘነበ። ሲነጋ ወንዙ ድምፁ ተቀይሯል፤ ድንጋይ እየተንከባለለበት ያጉረመርማል። ወደ ዳር መውረድ አልተቻለም። ከላይ የአንድ ዘበኛ ቤት ከነአፋፉ ተደርምሶ ወርዷል የሚል ወሬ ሰማሁ። የወንድሜን ስልክ ሞከርኩ፤ አይሠራም። ነጠላዬን አንስቼ ልወጣ ስል የቀኑ ዘበኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሬ ላይ አገኘሁት።

«የእናንተ ነው እንዴ የተደረመሰው?» አልኩት።

«የሌላ ነው፣ እትዬ። የእኛ ከሱ ወዲያ ነው» አለኝ።

«ወንድሜ ስልኩ አይሠራም።»

«ውኃ ገባበት። እሱን ባለቤቱ ሰበታ ወዳለው ሥራ ልኮታል፤ እቃ የሚጠብቅ ጠፍቶ። ሰንበት ብሎ ይመጣል።»

ዓይኔን እያየ ነው ይህን ያለኝ። ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር፤ ክረምት ነው ብዬ አለፍኩት። «የማን ይሆን ያ ቤት? እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር» ብዬ አማተብኩ። እሱም አማተበ።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ እንደ ልማዱ የተገኘው ተደርድሯል፤ የፍየል መንጋጋ፣ የጋዝ ምድጃ ክዳን፣ ሰማያዊ ጠርሙስ፣ ወንዙ አለስልሶት እንቁላል ያስመሰለው ጡብ። እንደ ልማዱ ያልሆነው ሰዉ ነው። ወንዶች ነበሩ። ጋሼ እግራቸውን ያማቸዋል እየተባለ ወንዝ ዳር ወርደው የማያውቁት በከዘራ ተደግፈው ቆመዋል። የቀኑ ዘበኛ ከኋላቸው አለ። እማማ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሥራ ፈትተው ነው አልኩ በሆዴ።

«ነይ እስቲ፣ የጣናዋ» አሉ ጋሼ። «ይህ ያልተፈታ ነገር ነው። አንዱ ቀንድ ነው ይላል፣ አንዱ አጥንት ነው ይላል።»

መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። እንደ ጣት የሚረዝም፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነገር ነው። ቀዝቃዛና ከመጠኑ በላይ ከባድ ነበር። ጎኑ ላይ ከጫፍ እስከ ሥሩ የተሰመረ ቦይ አለው፤ ጫፉ በሌላ ጥርስ ሲፋቅ ኖሮ በሰያፍ ተቆርጧል። ሥሩ አካባቢ በጋለ ብረት የተበሳች ቀዳዳ ነበረችው። መርፌ አላስፈለገኝም። አገሬን ከነሽታው እጄ ላይ እንዳስቀመጡልኝ ነው የተሰማኝ፤ ደስ አለኝ።

«ጥርስ ነው» አልኳቸው። «የጉማሬ ጥርስ። የትንሽ ጉማሬ ነው፣ ገና ያልጠነከረ።»

እማማ «እዚህ ስናርስ ጅብ ነበር። ጉማሬ አላየንም» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል።

እኔም፣ ሁሌ በእኔ የሚሥቁትን ሰዎች አንድ ቀን እኔ ላሥቃቸው ብዬ፣ «ታዲያ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ይሆናላ፤ ዕጣ ወጥቶለት» አልኩ።

አንድም ሰው አልሣቀም። አምባሯ ቧንቧ የሆነባት ጎረቤቴ ብቻ ከአፏ የሆነ ድምፅ ወጣ፤ ወዲያው ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች። ሣቅ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሕፃን እንደሚጠይቁ ዓይነት፣ በእናንተ አገር እንዲህ ያለ ብዙ ይገኛል ወይ አሉኝ። ሐይቁ አንዳንዴ ያወጣል፣ ግን ክርስቲያን ቤቱ አያስገባውም፣ ርኩስ ነው አልኳቸው። ከዚያ ያልተጠየቅሁትን ጨመርኩ። ወንድሜ ልጅ ሳለ ልክ እንዲህ ያለ ከዳር አግኝቶ ጉያው ውስጥ ደብቆ ሲያድር እናቴ አገኘችበትና ወደ ሐይቁ ወረወረችው፤ ያን ቀን እንደ አልቃሽ ሲያለቅስ ዋለ ብዬ ነገርኳቸው። አለቃቀሱን ሁሉ አሳየኋቸው።

«ወንድምሽ» አሉ ጋሼ።

«አዎ። እህል አልቀምስም ብሎ እኮ ነው።»

«አልተመለሰለትም?»

«ከሐይቅ ምን ይመለሳል?»

የቀኑ ዘበኛ ፊቱን አዙሮ ወደ ድልድዩ ሄደ። ጋሼ ጥርሱን ከመዳፌ አንስተው በመሐረባቸው ጠቀለሉ፤ ለልጅ ልጃቸው መጫወቻ ይሆናል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ርኩስ ነው አላልሽም እንዴ ብለው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ስለ ክርስትናው ልብስ ጠየቁኝ፤ አልቋል ወይ፣ ጥለቱስ። አልቋል አልኳቸው።

በዚያች ድንጋይ አጠገብ ምን እንደተደረገ የነገሩኝ ከሐዘኑ በኋላ እማማ ናቸው። ወንድሜ ያን የልጅነቱን ጥርስ ለካ ጠልቆ አውጥቶት፣ ሰው ሆኖም ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ከሸሚዙ ሥር ይዞት ይኖር ነበር። ለእናቴም ለእኔም አላሳየም፤ ለቀኑ ዘበኛ ግን አሳይቶታል። ቤቷ ከነአፋፉ በወረደች ማግስት ጥርሱ ተገኘ። የቀኑ ዘበኛ የእሱ ነው አለ። ጋሼ ግን አልበቃቸውም። እማማ እንደነገሩኝ የእድሩን ሰዎች ቤታቸው ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

«በሕይወት ላለ ሰው መርዶ ተናግረን ነገ ከች ቢል ምን ይውጠናል? ዕቃው የእሱ መሆኑ ይረጋገጥ። የምታውቀው እሷ ናት፤ እሷ ትጠየቅ።»

«እሷ ራሷ?» ብለዋል እማማ።

«ሳታውቅ።»

እኔን በራሴ ላይ አስመሰከሩኝ። አገሬ ሁሉ በመርዶ እንደሚጠነቀቅ አውቃለሁ። በድንገት አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሲነጋ፣ ሰውየው እንዳይወድቅ ከኋላው ደጋፊ ቆሞ ነው። ለስንቱ እኔም እንዲህ ጠብቄአለሁ። ግን ያን ቀን የእኔ ምስክርነት ከሞላ በኋላ ሊነግሩኝ የሚችሉበት ጠዋት ነበረ፤ ሌላም ጠዋት ነበረ። ያኔ ጋሼ ሁለተኛውን ቃል ተናገሩ። «እሑድ ይለፍ» አሉ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፤ ቀኑ አይገፋም። ክርስትና እናቷ እኔ ነኝ፤ ልብሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሐዘንተኛ ሕፃን አታቅፍም። በሬው ተገዝቷል፣ ጠላው ተጠንስሷል። እናም ተስማሙ። እማማም ተስማምተዋል፤ እንዳልዋሽሽ ብለው እሱንም ነገሩኝ።

እሑድ በኪዳን ሰዓት ሕፃኗን ተቀበልኩ። ከውኃው ስትወጣ ጮኸች፤ ደረቴ ላይ ሳስጠጋት ዝም አለች። ሁሉም ይህን አይተው ወደደችሽ አሉኝ፤ «አወቀችሽ» አሉኝ። ድግሱ ላይ ጋሼ ከሰው ሁሉ ፊት ብድግ ብለው መረቁኝ። ቀሪ ዘመንሽ የደስታ ይሁን፣ ቤትሽ አይጉደል አሉ። አሜን አልኩ። ሰዉም አሜን አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ መሰለኝና ስለጠገቡ ነው ብዬ ተረጎምኩት። አንዲቱ ሣህኔን ሙሉ አድርጋ እያመጣች «ብዪ፣ ዛሬ ብዪ» ትለኛለች። ሌላዋ ደግማ ትጨምርልኛለች። ነገ እህል አላይ እንደምል ያውቁ ነበር። ደግነት ነው ብለው ያደረጉት ይሆናል። ከመታረዱ በፊት የሚቀለበውን በግ ግን እኔም አይቻለሁ።

በዚያ ቀን የተነሣ ፎቶግራፍ አለ። የሕፃኗ እናት ከጊዜ በኋላ አሳጥባ፣ በፍሬም አድርጋ አመጣችልኝ። ሁላችንም አለን። የሚሥቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ፎቶውን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀምጬዋለሁ። ልጅቷ ምንም አላደረገችም፤ በየልደቷ ልብሷን እሰፋለሁ።

ከሐዘኑ ድንኳን በኋላ ጥርሱን እንዲሰጡኝ ጋሼን ጠየቅሁ። አስከሬን የለም። ጠላቂዎች ከድልድዩ በታች ሞክረው ጭቃ ነው ብለው ተመልሰዋል። ካህኑ በነጠላው ላይ ፍትሐት አደረሱለት፤ መቃብር ግን የለውም። ቢያንስ እሱን ለእናቴ ላድርስላት አልኩ። ርኩስም ቢሆን። ጋሼ በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። ከጥርሱ ጋር አንድ ሌላ ነገር ነበረ፤ እሱን ማውጣት የረሱት ይመስለኛል፤ ጥርሱ የተንጠለጠለበት የቆዳ ማሰሪያ፣ እንደ መዳፍ የሚሆን ቁራጭ።

ወንዝ የበጠሰውን ቆዳ በየክረምቱ ስለቅም ኖሬአለሁ። ውኃ ቆዳን መጀመሪያ ይስበዋል፤ ይቀጥናል፣ ይለጠጣል፣ ሲበጠስ ጫፉ ተተልትሎ እንደ ክር ይወጣል። በድንጋይ የተፈጨ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ይነጣል፣ ይሻክራል። ይህ አልተለጠጠም፤ አልተተለተለም። ጫፉ ቀጥ ያለ ነው፣ ውስጡም ገና ያልጠቆረ፤ ቆዳው ከውኃ ከወጣ በኋላ በስለት የተቆረጠ ነው። በጣቴ ነካሁት፤ መስኮት ላይ ይዤ አየሁት፤ ሌላ ቀን እንደገና አየሁት። አልተሳሳትኩም። ብሳሳት ምን ነበረበት።

ጥርሱ ጭቃ ላይ ለብቻው ወድቆ የተገኘ አይደለም ማለት ነው። ከቀበቶው ላይ የቆረጠው ሰው አለ። ቀበቶው ደግሞ ወንድሜ ወገብ ላይ ነበር።

ጠየቅሁ። በቁጣ አይደለም፤ አንድ በአንድ፣ በየቤታቸው። ጋሼ ከድልድዩ በታች አሸዋው ላይ ነው የተገኘው አሉ፤ ማሰሪያውን ሳሳያቸው ከዘራቸውን ፈለጉ፣ ለጸሎት መሄጃዬ ነው ብለው ወጡ። የቀኑ ዘበኛ ወንዙ ዳር ያሉት ባሕር ዛፎች ጋ፣ ከሥራቸው ጋር ተጠላልፎ አለ። ቆይቶ ደግሞ እኔ አይደለሁም ያገኘሁት፣ ሰጡኝ አለ። ማን ሰጠህ ስለው «እትዬ፣ ሞቷል እኮ» አለኝ። እማማ ቆረጣውን እንዳላዩ በማርያም ማሉልኝ፤ እሳቸውን አምናለሁ። አምባር ያገኘችው ጎረቤቴ ግን ደጇ ላይ እንደቆምኩ «አሁን ደግሞ ቆዳ ልታነቢ መጣሽ? ለማወቅ ካለሽ ፍላጎት የተነሣ ነው ይህ ሁሉ የደረሰብሽ» አለችኝና በሩን ዘጋችው።

እያንዳንዱ እኔን ለማዳን ብሎ የራሱን ቦታ ፈጠረልኝ። የወንድሜ ሬሳ በሁለት ቦታ ተገኝቶ በአንዱም የለም። አንዳንዴ አንዱ ባሕር ዛፎቹ ጋ አግኝቶት፣ ብቻውን መሳብ አቅቶት፣ ለምልክት ጥርሱን ቆርጦ ሰው ሊጠራ ሮጦ፣ ሲመለሱ ውኃው ሞልቶ ወስዶት ይሆናል እላለሁ። ይህ ከሆነ የማንም ጥፋት አይደለም። አንዳንዴ ደግሞ ሬሳ ቢወጣ ፖሊስ ይመጣል፣ ፖሊስ ከመጣ ወሬው እኔ ጋ ይደርሳል፣ እሑድ ሳያልፍ ይደርሳል ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በላይ እንዳላስብ ዳዊቴን እገልጣለሁ።

ወደ አገሬ ሄድኩ። መርዶውን ለእናቴ ያረዱት አጎቶቼ ናቸው፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ደግፌአታለሁ። ለቅሶው በረድ ሲል ጥርሱን ሰጠኋት። አልወረወረችውም። ይዛው የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «የት ነው ያረፈው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አላመነችኝም። የከተማ ሰው ለከተማ ሰው ይደብቃል፣ አንቺም እንደነሱ ሆነሻል አለችኝ። እስካሁን ስልክ ስደውል ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀኝ የት እንዳረፈ ነው፤ ሰላምታውን የምትተውበት ቀንም አለ።

በዚያን ጠዋት ወንዙ ዳር የነበራችሁ፣ ይህን የምታነቡት ወይም የሚነበብላችሁ፦ ስለ እሑዱ አልጠይቃችሁም። ስለ ድግሱም፣ ስለ ምርቃቱም ከማናችሁም ጋር ሸንጎ አልቆምም፤ ይቅር ማለት የታዘዝኩት ነው፣ እየሞከርኩ ነው። ስለት የያዘው ሰው ማን እንደሆነም ስሙን አልፈልግም። የምፈልገው ቦታውን ነው። ከየትኛው ዛፍ ሥር፣ ከየትኛው መታጠፊያ፣ ከድልድዩ ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ማሰሪያው ሲቆረጥ ፊቱ ወዴት ነበር? ከዚያ በኋላ አፈር አልብሳችሁት ከሆነ ምልክቱን ንገሩኝ፤ ውኃው መልሶ ወስዶት ከሆነም ወሰደው በሉኝ። ደጄ መምጣት ከከበዳችሁ ለንስሐ አባቴ ንገሩ፤ ለእሳቸው የተነገረ ስም ለእኔ አይደርስም። ቦታውን ብቻ ንገሩኝ።